ክንፍ ሠሪውና ጎረቤቶቹ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚጓዝ መንገደኛ ቆቦ ከመድረሱ አስቀድሞ ሮቢትን ያገኛል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፥ በስተ ምዕራብም የግዳን ደጋ ቆመው ይታያሉ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው የራያ ሜዳ የማሽላ አገር ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የአካባቢው ሕፃናት የደረቀውን የማሽላ አገዳ ልጣጩን ከለስላሳው ውስጡ ይለዩና አንዱን በሌላው እየሰኩ ቤት፥ ሞፈርና ቀንበር፥ መኪናም ይሠራሉ። አውሮፕላንም ይሠራሉ። የአገዳው አውሮፕላን አይበርም፤ ሕፃኑ ግን በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞት እየሮጠ የሞተሩን ድምፅ በአፉ ያሰማለታል። ይህን የሚያዩ ትልልቆች ይስቃሉ፤ ሳቃቸውም የፍቅር ሳቅ ነው። ነገር ግን ያው ልጅ አድጎ፥ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት፥ በእውነተኛ እንጨትና በእውነተኛ ሞተር ያንኑ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ ቢነሣ ሳቁ ዓይነቱን ይለውጣል። «ሥራ ፈት» ይባላል፤ «አእምሮው ተነክቷል» የሚልም አይጠፋም።

እኛ ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ነገር በነዚህ በሁለቱ ሳቆች መካከል ያለውን ነው። ማንም ሳያዝዘው፥ ደመወዝም ሳይቈረጥለት፥ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ድካሙ ከንቱ ነውን? ከንቱ ካልሆነስ፥ ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጥ እንደ መሆኑ መጠን፥ ጎረቤቶቹና ወዳጆቹ ለርሱ ያለባቸው ግዴታ ምንድን ነው?

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካረፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በተጀመረበት በዚያ ክፉ ዘመን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠራ፤ አበረራትም። ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ወራሪው ወደ አገሩ ወሰዳትና በጣሊያን ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆየች፤ ወደ እናት አገሯ የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። የሕዝቡን ደስታ ያየ ሰው እንጨትና ሸራ፥ ብሎንና ሽቦ ብቻ የሆነች አንዲት ዕቃ የአንድን ሕዝብ ክብር ልትሸከም እንደምትችል ተረድቷል።

ፀሐይ የመንግሥት ድጋፍ ነበራት። ከዚያ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል የሕዝብ ጤና ትምህርት የተማረ ወጣት ያለ መንግሥት ድጋፍ ይህንኑ ተመኘ። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር አነሰ ተብሎ ነበር። እርሱም «ማብረር ከተከለከልሁ ሠርቼ እበርራለሁ» የሚል በሚመስል ቍርጥ አሳብ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተማረ፤ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ገጠመ፤ 570 ቀን ደክሞ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አቆመ። ስሙንም ከእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ከቀኖቹ ቍጥር አውጥቶ «ኬ 570 ኤ» አለው። በ2007 ዓ.ም. ሊያስነሣው ሞከረ፤ አልተነሣም። ወሬው በዓለም ተሰማ። ከተመልካቹ አንዳንዱ አደነቀ፤ አንዳንዱም ሳቀ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ተቃውሞ እንስማ። «አገሩ ውኃና እህል ይሻል፤ በሮቢት ሜዳ ዝናም ሲቀር የሚጠፋው ማሽላ እንጂ ክንፍ አይደለም፤ ወጣቱ ጉልበቱን ለሚጠቅም ነገር ያውል» የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። የሚናገረውም ከረሃብ ትዝታ የተነሣ ነው። ነገር ግን ይኸው ሜዳ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ በወረደበት ጊዜ ገበሬው በጩኸትና በጅራፍ ሲከላከል ውሎ ዐይኑን ያነሣው ወደ ሰማይ ነበር፤ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣ እንደ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በመጣው የጦርነት ወራት ደግሞ የሰማይ ድምፅ ለብዙ ሰው ጆሮ የፍርሃት ድምፅ ሆነ። ስለዚህ አውሮፕላን ለራያ ሰው የሩቅ ነገር አይደለም፤ መድኃኒትም ሆኖ፥ ሥጋትም ሆኖ ያውቀዋል። ያላወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም የገዛ እጁ ሥራ ሆኖ ነው። ሌላው የሠራውን ከታች ሆኖ ማየት ብቻ ዕጣው የሆነ ሰው ተስፋውም ፍርሃቱም በሌላ እጅ ይኖራል።

ከዚህም ሌላ እንጨት በሙጫ ማጣበቅን፥ ብረት መበየድን፥ ሞተር ፈትቶ መግጠምን፥ ክብደት መመዘንንና መጻፍን የለመደ እጅ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ አይደነግጥም። ይሁን እንጂ እኛ ክርክራችንን በዚህ ጥቅም ላይ ብቻ ልናቆመው አንወድም። ጥቅሙን ብቻ የሚፈልግ ሰው «እንግዲያስ ፓምፕ ጠጋኝ ይሁን» ብሎ በቀላሉ ሊረታን ይችላልና። የአውሮፕላን ሥራ ዋናው ዋጋ ሌላ ነው፤ እርሱም ከእውነት ጋር የሚያጋጥም መሆኑ ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። የሮቢትና የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየር ደግሞ ከፍታ በጨመረ መጠን፥ ሙቀትም በበረታ መጠን ይሳሳል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሚደርስበት ቀትር የሮቢት አየር ከባሕር ዳርቻው መደበኛ አየር ሃያ ከመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህም ማለት ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው በአዲስ አበባ ከፍታ በቀዝቃዛ ጧት ካለው አየር ጋር የሚቀራረብ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት፥ ፕሮፔለሩም የሚገፋው፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይኸው የጎደለ አየር ነው። ስለዚህ አርባ የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ሠላሳ ሁለት ያህል ብቻ ቢሰጥ አይደንቅም፤ በባሕር ዳር የሚበቃ ሜዳም እዚህ አይበቃም። ይህን ያላሰበ ሰው ንድፉ ትክክል፥ ልቡም ደፋር ቢሆን አውሮፕላኑ ከመሬት አይላቀቅም፤ ወይም ከዚያ የከፋው፥ ትንሽ ተላቆ ከሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ጋር ይገናኛል። አየር ትውውቅ የለውም፤ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ለነገ ቀጠሮ አይሰጥም። በዚህ ዓለም ላይ ብዙ ሥራ በመልካም ንግግር ይሸፈናል፤ ክንፍ ግን በንግግር አይነሣም። እንዲህ ባለ ሥራ የሚኖር ሰው ሳይወድ በግዱ እውነተኛ ይሆናል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። እውነት ሁሉ የሚገለጠው በአየር ላይ ከሆነ የስሕተት ዋጋ ሕይወት ነው። ሰው የራሱን ሕይወት ለገዛ ምኞቱ የማስያዝ መብት አለውን?

ከአውሮፓ ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። ሄንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ በአውሮፓውያን ቍጥር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራት የምትችል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነደፈ፤ «የሰማይ ቅማል» የሚል ትርጕም ያለው ስም ሰጣት። አሠራሯንም በ1934 በመጽሐፍ አሳተመ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ብዙ ሰዎች መጽሐፉን እየተመለከቱ በጋራዣቸውና በጎተራቸው ሠሯት። ደስታው ግን አልቆየም። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን አጥብቃ ወደ ታች ስትደፋ የፊቱና የኋላው ክንፍ አንዱ የሌላውን አየር ስለሚያውክ አብራሪው ሊያቃናት አይችልም ነበር። ብዙ ሰዎች ሞቱ። ጉድለቱ የተገኘው በታላላቅ የነፋስ መፈተሻ ዋሻዎች ውስጥ ከተመረመረች በኋላ ነው፤ በ1936ም በረራዋ ተከለከለ።

ሚኜ ሐሰተኛ ሰው አልነበረም፤ ራሱም በርሯል። የሞቱትም ሰነፎች አልነበሩም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እኛ እንደሚመስለን ጥፋቱ ከድፍረታቸው ሳይሆን ከብቸኝነታቸው ነው። እያንዳንዱ ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ነበር። አንዱ በአንድ መንደር ያየው እንግዳ ጠባይ ለሌላው መንደር ሠሪ ሳይደርሰው ይቀር ነበር፤ አንዱ የሞተበትም ምክንያት ሌላውን በጊዜ አላስጠነቀቀውም። እውቀት ተበታትኖ ሳለ ሞት ይሰበሰባል።

በአውሮፓውያን ቍጥር በ1953 ፖል ፖበረዝኒ የተባለ አሜሪካዊ በሚልዎኪ ከተማ ጥቂት ባልንጀሮቹን ሰብስቦ የገዛ አውሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር ባቋቋመ ጊዜ ይህን ጉድለት የሚሞላ ነገር ተጀመረ። ያ ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር የአካባቢ ቅርንጫፎች አሉት። የማኅበሩ ትልቁ ሀብት በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ የሚያደርገው ታላቅ ትርኢት አይመስለንም፤ ትልቁ ሀብቱ አንድ ትንሽ ልማድ ነው። ልምድ ያለው ሠሪ ያለ ክፍያ ወደ አዲሱ ሠሪ ቤት ይሄዳል፤ ክንፉ በሸራ ወይም በቈርቈሮ ከመሸፈኑ በፊት በመብራት ውስጡን ያያል፤ «ይህን መጋጠሚያ አልወደድሁትም፤ ፍታው» ይላል። በአገሩ ሕግም እንዲህ ያለ አውሮፕላን ዋናው ክፍል በባለቤቱ እጅ የተሠራ መሆን አለበት፤ መጀመሪያም ሰው በማይበዛበት ቦታ ለተወሰነ ሰዓት እየበረረ ይፈተናል፤ በመግቢያውም ላይ «የሙከራ» የሚል ቃል በጉልህ ይጻፍበታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ የሥነ ምግባር ትምህርት አለው። ሰው የራሱን ሕይወት ቢያስይዝ በራሱ ፈቃድ ነው፤ የሌላውን ሕይወት ግን ሳያሳውቅ ሊያስይዝ አይገባውም። እንግዲህ መብት አለውን ላልነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ መብቱ አለው፤ ነገር ግን ሥራውን ለሌላ ዐይን ከገለጠ፥ ሌላውንም ሰው ካላታለለ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሮቢት እንዲህ ያለ የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር አለ ለማለት አይደለም። ቢቋቋም ግን በባዕድ መሠረት ላይ የሚቆም አይሆንም። ደቦን የሚያውቅ ሕዝብ የእጅ መተባበርን ማንም አያስተምረውም። የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው ሲመራ ሥራው የብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የላይኛው ሰው እርከኑን አሳስቶ ቢሠራ የታችኛው ማሳ ይታጠባል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን መጥለፊያ ያያል፤ ይናገርበታልም።

ነገር ግን ከደቦ አንድ የሚጎድል ነገር አለ፤ ይህንንም ሳንሸሽግ እንናገር። በደቦ ሰው ለሰው ጉልበቱን ይሰጣል። በአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ግን የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ነቀፋ ነው፤ የሚቀበለውም ትልቁ ስጦታ ነቀፋ ነው። ይህ ደግሞ ለኛ አስቸጋሪ ነው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብንና። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን በአደባባይ ከማዋረድ ይከለክላል፤ ሽማግሌን ያስከብራል፤ የጎረቤትን ገመና ይሸፍናል። ነገር ግን በክንፍ መጋጠሚያ ላይ የተሰነጠቀ እንጨት አይቶ «ወዳጄ ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ እንዴት አጣጥላለሁ?» ብሎ ዝም ያለ ሰው ወዳጁን አከበረው ወይስ ገደለው? ዳዶው እንዳልጠበቀ አይቶ «ትልቅ ሰው ነው፤ ያውቅበታል» ብሎ ያለፈ ወጣትስ ታላቁን አከበረ ወይስ አሳልፎ ሰጠው?

በሌላ ወገን ደግሞ የሽሙጥ ልማድ አለብን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ሠራተኛ የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ ማውጣታቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። የእጅ ሥራን የመናቅ ቅሪት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ሽሙጥም ነቀፋ ይመስላል እንጂ ነቀፋ አይደለም። ነቃፊው መጋጠሚያውን በጣቱ ነክቶ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ይላል፤ ሽሙጠኛው ግን ሳይቀርብ ከሩቅ ሆኖ ሰውየውን ራሱን ስሕተት ያደርገዋል። የሽሙጥ ውጤትም ሠሪው ሥራውን እንዲደብቅ ማድረግ ነው፤ የተደበቀ ሥራ ደግሞ የሚያርመው አያገኝም። እንግዲህ ይሉኝታና ሽሙጥ ጠላቶች ቢመስሉም አንድ ፍሬ ያፈራሉ፤ ሁለቱም ሠሪውን ከስሕተቱ ጋር ብቻውን ይተዉታል።

የማኅበሩ ዋጋ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መክፈቱ ነው። በዚያ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ሠሪዎች ስለ ሆኑ ማንም በማንም ሊስቅ አይችልም፤ ሁሉም ሊበርሩ የሚሹ ስለ ሆኑ ደግሞ ማንም ዝም ሊል አይገባውም። ታናሹ ታላቁን «አንቱ» እያለ፥ በክብር እንደ ተነሣ፥ «ይህ ብሎን ግን ይፈተሽ» ሊል ይችላል፤ ታላቁም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይፈታዋል። አክብሮትና እውነት በአንድ አፍ ሲነገሩ የሚሰሙበት ቦታ በኅብረተሰባችን ብዙ አይደለም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን በዚህ ሥራ ሙሉ ትርጕሙን ያገኛል፤ ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው ዕቃውን ለመሸከም ሳይሆን የመጀመሪያው ያላየውን ለማየት ነውና።

ይህን ስንል ማኅበር ሁሉ ይቀደሳል ማለታችን አይደለም። መዶሻ ሳይገዛ ማኅተም የሚያስቀርጽ፥ አንድ እንጨት ሳይልግ ሊቀ መንበር የሚመርጥ፥ ስብሰባውን በቃለ ጉባኤ እየሞላ ጋራዡን ባዶ የሚተው ማኅበር እንዳለ መሥሪያ ቤት የምንውል ሁላችን እናውቃለን። እንዲህ ያለው ከብቸኛው ሠሪ ይልቅ የከፋ ነው፤ ብቸኛው ሠሪ ቢያንስ ሥራ ላይ ነው። የእውነተኛ ማኅበር ምልክቱ አንድ መዝገብ ነው፤ በዚያም መዝገብ ስሕተት ሳያፍሩ ይጻፋል። ምን እንደ ተሰበረ፥ ለምን እንደ ተሰበረ፥ ማን እንዳየው፥ እንዴት እንደ ታረመ ይመዘገባል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሰው የርሱን ስሕተት አይደግምም። አዲስ ስሕተት ቢሠራ እንኳ ያ መሻሻል ነው።

በሮቢት ወይም በቆቦ ይህን ነገር ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ የሳይንስ መምህር፥ አንድ አናጢ፥ አንድ በያጅ፥ አንድ መካኒክ፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ ክፍል ይበቃል። መጀመሪያው ሰው የሚሸከም አውሮፕላን መሆን የለበትም። የወረቀትና የቀርከሃ ተንሸራታች ክንፍ ይሠራ፤ ይመዘን፤ የክብደቱ ማእከል ወደ ኋላ ሲያልፍ ለምን እንደሚገለበጥ ይታይ፤ በጧትና በቀትር አየር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ተለክቶ ይጻፍ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ሥራው በደረጃው ያድጋል። ወደ ሞተርና ወደ ሰው ሲደርስ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ፈቃድ ግድ ነው፤ ሰማዩ የሁሉ ነውና። ባለ ሥልጣን የሆነ አንባቢያችንም ይህን ልብ ይበል፤ እንዲህ ያለ ወጣት ወደ ቢሮው ሲመጣ «አይቻልም» የሚለው ቃል ወጣቱን አያስቀረውም፤ ከዐይን ያርቀዋል እንጂ። «በምን ሁኔታ ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ብርሃን ያወጣዋል፤ ሕይወቱንም ሊያድን ይችላል።

በ2007 ዓ.ም. ያ አውሮፕላን ሳይነሣ በቀረ ጊዜ ብዙ ሰው «ለምን አልበረረም?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። የጎረቤት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «በማግስቱ ከኛ ማን ዳዶ መፍቻ ይዞ ሊረዳው ሄደ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠሪው ይመልሳል። ሁለተኛውን መመለስ ያለብን እኛ ነን።

የሮቢት ሕፃን የአገዳ አውሮፕላኑን ይዞ ሲሮጥ አብረውት የሚሮጡ ልጆች አሉ። አንዱ «ክንፉ ተጣሟል» ይለዋል፤ እርሱም ቆም ብሎ ያቃናዋል፤ ማንም አያፍርም፤ ማንም አይቀየምም፤ ሩጫው ይቀጥላል። ሰው ሲያድግ ብዙ ነገር ይማራል። ይህን ግን ባይረሳ መልካም ነበር።